ከነጭ ድንጋዮቹ ወዲህ

በዚያ ዓመት የኅዳሩ በዓላችን ስግድ ካለፈ በኋላ የእህቴ ልጅ ሁለት ነገር ቀረበላት። አንደኛው ባል ነው፤ ከእኛው ሰው፣ ከእኛው ሕንጻ፣ ከሦስተኛው ፎቅ። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ በሌላ ከተማ ነርስነት እንድትማር ተቀብለዋት፣ ክረምቱ ሳይወጣ መልስ እንድትሰጥ ይጠብቋት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንደማይቻል እኛ ሁላችን እናውቃለን። ከእኛ ውጭ ላለ ሰው ግን ማስረዳት ያስፈልጋል።

እኛ ከጎንደር፣ ከአንድ መንደር የመጣን ጥቂት ቤተሰቦች ነን። አሽዶድ ከተማ ውስጥ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ሕንጻ ተሰባሰብን። ማንም አላዘዘንም፤ አንዱ ቤት ሲይዝ ሌላው ተከተለው። ሌላው ወገናችን የአገሩ ራቢዎች እንዳሉት ሆነ፤ እኛ ቄሳችን እንዳሉት ቀረን። በኦሪት እንደተጻፈው፣ ደሟ የመጣ ሴት ሰባት ቀን ከቤቷ ትወጣለች። ሬሳ የነካ ሰውም እንዲሁ ሰባት ቀን ውጭ ሰንብቶ፣ ታጥቦ ይገባል። አገር ቤት ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ የሚጠሩን ለዚህ ነበር። እንግዲህ ነርስ በቀን ምን ምን እንደምትነካ አስቡት። የሦስተኛው ፎቅ ልጅ እናት ወሬውን እንደሰማች፣ ደረጃው ላይ ቆማ ለሚሰማም ለማይሰማም እንዲህ ትል ነበር፦

«ከሆስፒታል የምትመለስ ሚስት መቼ ነው ቤቷ የምትገባው? ልጄ በር ከፍቶ ቆሞ ሊያረጅ ነው?»

ስለዚች ሴት እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ስለ ሚቅላቱ ልናገር፤ ልጅቱን ሳስባት ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ተኝታ ነው የምትታየኝ።

ሚቅላት እዚህ አገር በየግቢው ያለ የቦምብ መሸሸጊያ ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ብረት። የእኛው ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንድ ወቅት የልጆች ክበብ ነበር አሉ፤ ልጆቹ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብተው፣ ከዳር እስከ ዳር ዓሣ ሥለውበት ሄዱ። ዓሣዎቹ ሽፋሽፍት ነበራቸው። እንደ ሰው ያያሉ።

ከዚያ በፊት ቀናችን ሲደርስ የምንቀመጠው ሚርፔሴት ላይ ነበር፤ ያው በረንዳው ላይ። የአሽዶድ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ ዝናቡ ከባሕር በኩል ተኝቶ ነው የሚመጣው፤ ጣሪያ አያግደውም። የታችኛው ፎቅ ሩሲያዊት ታየኝና «ባልሽ አባረረሽ?» እያለች በብርጭቆ ሾርባ ታቀብለኝ ነበር። አይደለም ብላትም አላመነችኝም። በመጨረሻ ሴቶቹ የሕንጻውን ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ አንድ ቁጡ ሞሮኳዊ ሽማግሌ ለመኑት። «ካጸዳችሁት ያዙት፤ እኔ ከዚያ ጉድጓድ የወጣልኝ ነገር አይጥ ብቻ ነው» ብሎ ቁልፉን ሰጠን። አጸዳነው። ፍራሽ ዘረጋን። ከባሕር ዳር ድንጋይ ለቅመን ነጭ ቀባነውና ከበሩ ፊት ግማሽ ክብ አድርገን ደረደርነው። አገር ቤት በመርገም ጎጆ ዙሪያ እንዲህ ይደረደር ነበር፦ ከድንጋዩ ወዲያ ቤተሰብ፣ ከድንጋዩ ወዲህ ሴቲቱ። ምግቡን ድንጋዩ ጋ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ እጅ ከእጅ አይነካካም።

አንድ ጊዜ ከማኅበራዊ ጉዳይ የተላከች ወጣት መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ እንደ ታመመ ሰው እያየችን፣ «ተገዳችሁ ነው?» አለች። ጥግ ላይ የነበረች አንዲት የእኛ ሴት ብርድ ልብሷን ሳትገልጥ «አዎ፤ እንድንተኛ ተገደድን» ብላ መለሰችላት። የሳቅነውን ሳቅ ያቺ ወጣት ምን ብላ እንደጻፈችው እንጃ።

እውነቱ ግን እሱ ነው። እዚያ ውስጥ ተኛን። በአሥር ዓመት የጽዳት ሥራ ያላገኘነውን እንቅልፍ እዚያ አገኘነው። የአየር መሳቢያው ቧንቧ ንፋሱን ከባሕር እየሳበ ያንጎራጉራል፤ አንዳንዴ የሰው ድምፅ ይመስላል፤ የማውቀው ግን ስሙ የጠፋብኝ ሰው። ሰማያዊው ግድግዳ በግማሽ ብርሃን ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማላውቅበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ዓሣዎቹ ከግድግዳው ወርደው በፍራሾቹ መካከል ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ማንንም አልነኩም። ጠዋት ጠዋት ሕልማችንን እንነጋገራለን። ወንዝ የተሻገረች ደስ ይላታል። ጥርሷ የወለቀባት ዘመድ ሊሞትባት ነውና ሁላችን ዝም እንላታለን። አንዲቱ ሁልጊዜ የምታየው አውቶቡስ ነበር፤ አገር ቤት፣ ማሽላ ማሳ መካከል፣ የከተማ አውቶቡስ ቆሞ። ይህን የሚፈታላት አጣች።

የእህቴ ልጅ ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ እዚያ ወረደች። መጀመሪያ በትምህርት ቤት እንዳይሰማባት እየፈራች ነበር። ኋላ ቀኗ ሲቀርብ ቦርሳዋን አስቀድማ የምታዘጋጅ ሆነች። ከእኔ አጠገብ ነበር የምትተኛው። የእኔ ደም ቀድሞ ቆሟል፤ ወደዚያ የሚያወርደኝ ሕግ አልነበረም። ግን እወርድ ነበር። በቀኗ ያለችን ሴት የነካ እስከ ማታ ይረክሳል ይላል ሕጉ። ከእጄ የሚበላ ሰው ከሌለ እኔ ብረክስስ ማን ይጎዳል?

አሁን ስለዚያች ሴት፣ ስለ ልጁ እናት። ወደዚህ አገር ስንመጣ ሱዳን፣ መጠለያ ጣቢያ ሳለን፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ከሰው ትለያለች። ባሌ ታሞ ነበር፤ ውሃ የሚያመጣልኝ አልነበረም። ቀኔ ሳይሞላ ወጥቼ ቀዳሁ። ከዚያ ውሃ የጠጣችው እሷ ናት፤ በትኩሳት ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ በእኔ ጣሳ፣ ሁለት እጄን ጨብጣ። ስለ ልጄ እዚህ አልጽፍም። እዚህ አገር ደርሰን ሰው ጠግቦ ማውራት ሲጀምር፣ «እሷኮ ቀኗን ሳትጨርስ ከሰው ተቀላቅላለች» ያለችው ግን ይህቺው ሴት ናት። ውሃውን ማን እንደጠጣው አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ በሠርግም ሆነ በተዝካር የእኔን ዳቦ የሚቆርስ አልተገኘም። ማንም አልከለከለም፤ ዳቦው ብቻ ሳይነካ ይመለሳል። እህቴም፣ የልጅቱ እናት፣ «እንርሳው፣ አሮጌ ነገር ነው» ትለኝ ነበር። የእሷ ዳቦ ይበላ ስለነበር መርሳት ቀሏት ነበር።

ያቺ ሴት ለልጇ የእህቴን ልጅ ስትጠይቅ እህቴ በደስታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም። ወደቡ ላይ ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ከሥራ ሲመለስ ልጅቱ ሚቅላት ካለች፣ ከድንጋዮቹ ወዲያ ባለ አሮጌ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሷ የበሩ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። የሱፍ ፍሬ ገዝቶ ይመጣና ፓኬቱን በድንጋዮቹ ላይ አሻግሮ ይወረውርላታል። እኔ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ።

«ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይላታል።

«ተኛሁ።»

«ትላንትስ?»

«ለዛሬው ተለማመድኩ።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔም ሴት ልሁን!»

«አንተ? አንድ ቀን አትችላትም። ከሰዓት ሳይሆን እናትህን ትጠራለህ።»

ይስቃል። ሳቁ ጥሩ ነበር። ከዚያ የሱፉ ፍሬ ሲሰበር ብቻ ይሰማል፤ ከእሱ በኩል አንድ፣ ከእሷ በኩል አንድ፤ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ የወሰደኝ ጊዜ አለ። አንድ ቀን ስለ ትምህርቱ አነሣችበት።

«እናቴን አነጋግራታለሁ» አላት።

«መቼ?»

«ጥሩ ቀን ሲሆን።»

«እናትህ ጥሩ ቀን አላቸው?»

«ባለፈው ዓመት አንድ ነበራት» አለ፤ እንደገና ሳቁ። ማነጋገሩን ግን አላነጋገራትም። ሳምንቱ ሄደ፣ ወሩም ሄደ።

ልጅቱ «ዶዳ» ነው የምትለኝ፤ በዕብራይስጥ አክስት ማለት ነው። አንድ ጠዋት፣ ገና ብርሃኑ ሰማያዊ ሳለ፣ በጀርባዋ ተኝታ ጠየቀችኝ።

«ዶዳ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሄጃለሽ?»

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ የተናገርኩት ሁሉ ጸብ ይሆናል።»

«እዚህ ማን ይሰማናል? ዓሣዎቹ ናቸው።»

«እነሱንም አላምናቸውም።»

«ብሄድ የማጣው ይህን ነው» አለች። «እዚያ ማን እንዲህ ያስተኛኛል? ማን ሕልሜን ይሰማኛል? ብቀር ደግሞ…» ብላ ቆመች። ከትምህርት ቤት ከወጣች በኋላ፣ በአገሩ ግዴታ በሆነው ውትድርና ፈንታ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሕጻናት ክፍል አገልግላ ነበር፤ ሥራዋ ተረት ማንበብና ማጫወት ብቻ ነበር። «መርፌ ሲወጓቸው የእኔን እጅ ነበር የሚፈልጉት፤ እኔ ግን ሕጉን ብዬ እጄን ኪሴ ውስጥ አደርግ ነበር። ብቀር ዕድሜዬን ሙሉ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።»

በዚያ ጊዜ እንድትቀር ነበር የምፈልገው። ከሄደች ከጎኔ ማን ይተኛል ብዬ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ከደቡብ በኩል ሮኬት መተኮስ ተጀመረ። አሽዶድ ድረስ አይመጣም ይባል ነበር። መጣ።

ዓርብ ነበር፤ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ እያዘነበለች። ዓርብ ከሰዓት የእኛ ሰው ሁሉ ለሰንበት ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃል። ሚቅላቱ ውስጥ ልጅቱና እኔ ብቻ ነበርን። ሳይረኑ ሲጮህ እያለምኩ ነበር፤ በሕልሜ ረጅም መለከት ሆኖ ከውሃ ውስጥ መጣ፤ ሰማያዊው ግድግዳ አብሮት የሚነፋ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ልጅቱ ቁጭ ብላለች።

በመጀመሪያ የደረሰችው ሩሲያዊቷ ናት፤ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ፣ ውሻዋን ታቅፋ፣ ነጮቹን ድንጋዮች እየረገጠች ገባች። ሞሮኳዊው ተከተላት። የእኛ ሰዎች ግን ድንጋዮቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ የሞላ ወንዝ ዳር እንደ ደረሰ መንገደኛ ተደርድረው ቆሙ። ነጭ ልብሳቸው ይታየኛል።

«እናንተ ሰዎች አብዳችኋል? ግቡ እንጂ!» ሞሮኳዊው ከውስጥ ጮኸ።

ቄሳችን በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። አርጅተው ነበር፤ ጆሮአቸውም ደክሟል። ድንጋዮቹን አዩ፣ ሰውን አዩ።

«ግቡ» አሉ። «ነፍስ ትቀድማለች። የመታጠቢያው ውሃ በኋላ ይደርሳል።» ራሳቸው ቀድመው ተሻገሩና በሰዎች ተደግፈው ወደ ውስጠኛው ጥግ ዘለቁ። ሌላው ተከተለ።

ያቺ ሴት ግን በሩ ላይ ቆመች። አንድ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ፣ ከኋላዋ ያሉትን አግዳ፣ ወደ ልጅቱ አየች።

«እሷ ትውጣ» አለች። «ለሰንበት የታጠበ ሰው ነው ያለው። ደረጃው ሥር ትቁም፤ እሱም ሲሚንቶ ነው።»

ተነሣሁ። ልጅቱ ግን ቀደመችኝ፤ ባዶ እግሯን፣ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ።

«ወዴት ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«ተይው ዶዳ፣ ጊዜ የለም።»

በሩ ላይ ከልጁ ጋር ተገናኙ። እሱ እየገባ፣ እሷ እየወጣች። መተላለፊያው ጠባብ ነው። «ስሊኻ» አላት፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከዚያ የጃኬቱን ሁለት ጫፍ ወደ ደረቱ ሰበሰበ፤ አዲስ ቀለም ከተቀባ ግድግዳ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው በጎኑ ዞረና፣ ሳይነካት፣ ገባ። እኔ ተከትያት ወጣሁ። የብረቱ በር ከኋላችን ተዘጋ።

ደረጃው ሥር ቆምን። ሳይረኑ ቀስ እያለ ወረደና ጠፋ። ያን ጊዜ የመጣው ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ነው። ሮቫ ቫቭ በሞላ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል፤ መኪና የለ፣ ልጅ የለ። የተሰጣ አንሶላ ብቻ ቀስ ብሎ ተነፋና ወረደ። ድመት ግቢውን አቋርጣ ሄደች፤ አልቸኮለችም። ከዚያ ሁለት ጊዜ ነጎደ፤ ሩቅ ነበር፣ ግን መሬቱ ከእግራችን ሥር ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከደረጃው ጣሪያ ነጭ አቧራ እየተንሳፈፈ ወርዶ ፀጉሯ ላይ አረፈ። ልጅቱ እጆቿን ዘርግታ ታያቸው ነበር።

«ዶዳ፣ አየሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

በሩ ላይ የሆነውን አይቼዋለሁ። እንዳየሁት ልነግራት አልፈለግሁም።

በሩ ሲከፈት የቄሳችን ድምፅ ነው ቀድሞ የወጣው።

«ልጅቱ የታለች?»

ያቺ ሴት «አውጥተናታል፣ ንጹሕ ሰው እንዳይነካካ ብለን» ስትል ሰማሁ።

«እግርሽ የቆመው ምን ላይ ነው?» አሏት።

ሁሉም ወደ እግሩ አየ። የቆሙት የልጅቱ ፍራሽ ላይ ነበር። በኦሪት ሕግ የምታረክሰው ሴቲቱ ብቻ አይደለችም፤ የተኛችበት ሁሉ፣ የተቀመጠችበትም ሁሉ ያረክሳል። የእኛ ሰው ይህን ገና በአፉ ጥርስ ሳያበቅል ያውቀዋል። የዚያን ዕለት ግን አንድም ሰው አላሰበውም።

«በየትኛው መጽሐፍ ነው ያገኛችሁት?» አሉ ቄሳችን። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። «ርኩሰቱን አስቀርታችሁ ልጅቱን አወጣችሁ? እሷን ለእሳት ሰጥታችሁ ፍራሿ ላይ ቆማችኋል!»

ከዚያ ወጡና ወደ እኛ መጡ። ልጅቱ እንደ ሥርዓቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ለእኔ አስይዘው፣ በባዶ እጃቸው ከፀጉሯ ላይ አቧራውን አራገፉላት። ከራሷ ጀምረው ቀስ ብለው፣ ጆሮዋ አጠገብ ያለውን ሳይቀር። በሕይወቴ ሙሉ ቄስ ከቤት የወጣችን ሴት ሲነካ አይቼ አላውቅም። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ አየ።

«አባ፣ ታጥበው ነበር» አለቻቸው።

«እንደገና እታጠባለሁ» አሉ። «ይህ አገር ውሃው በቧንቧ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ያስቃል፤ በዚያ ሰዓት ግን የሳቀ የለም። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ሕንጻው በሙሉ ረክሷል። ሁሉም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሮጠ። ጣሪያው ላይ በፀሐይ የሚሞቀው ውሃ በአንድ አፍታ አለቀ። ከየፎቁ መስኮት የወንዶች ጩኸት ይሰማ ነበር፤ ያ የጥር ውሃ ነው። ሩሲያዊቷ «አሁን ደግሞ ምን ወደቀባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቄሳችን በዕድሜያቸው ደረጃውን ቶሎ መውጣት አልቻሉም። ሰንበት ሳይታጠቡ ግቢው ውስጥ ደረሰባቸው። ልጁ ይቀመጥባት በነበረችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ካፖርት ደርበው፣ ጸሎቱን በግዕዝ ጀመሩ። ወንዶቹ ለጸሎት ከያዝነው ከላይኛው ፎቅ ክፍል መስኮት ተቀበሏቸው። ድምፁ ከላይ እየወረደ፣ ከታች እየወጣ፣ መካከል ላይ ይገናኝ ነበር። ልጅቱና እኔ ውስጥ ተኝተን ሰማን። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የወንበሩ እግርና የካፖርቱ ጫፍ ይታየን ነበር። መቼ እንደቆመ አላውቅም፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ጸሎቱ ገና እየሄደ ነበር፤ በሕልሜም ሄደ።

ቀኗ ሲሞላ ከእኔ ጋር ወደ ባሕር ወረደች። በሮኬቱ ምክንያት ባሕር ዳሩ ባዶ ነበር፤ አንድም ዓሣ አጥማጅ የለ። ፀሐይዋ ስትነካው ውሃው ወርቅ ሳይሆን አመድ መሰለ። ልብሷን አጥባ፣ እስከ ራሷ ገባች፤ ጠፍታ ወጣች፣ ጠፍታ ወጣች። እኔ ፎጣ ይዤ አሸዋው ላይ ቆሜ ነበር። በአንደኛው መጥለቅ ትንሽ ቆየችብኝ።

ስትወጣ «ወሰንሽ?» አልኳት።

«ይበርዳል» አለች።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች መልሷን ሊሰሙ እህቴ ቤት ተሰበሰቡ። ቄሳችን መካከል ተቀመጡ። ልጁ ከአባቱ አጠገብ ነበር። እናቱ ከመቀመጧ መናገር ጀመረች።

«የዚያን ዕለት የሆነው በድንጋጤ ነው። ቄሳችንም ይቅር ብለውናል። ልጆቹ የሚፈላለጉ ናቸው። ነገር አናብዛ።» ይህን ስትል እኔን ነበር የምታየው።

ልጁም አቀርቅሮ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እናቴ ደንግጣ ነው» አለ።

ልጅቱ ለመናገር ቸኩላ አላየኋትም። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ።

«እናትህን አልተቀየምኳቸውም» አለችው። «እሳቸው ፈርተው ነው። አንተ ግን አልፈራህም። ጃኬትህን ሰበሰብክ።»

ልጁ ቀና አለ። በእውነት አልገባውም፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«ለሰንበት ታጥቤ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «እስከዚያ ዓርብ ድረስ አገባሃለሁ ብዬ ነበር። አላገባህም።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናትየው «እንዲያ በይ! ለጃኬት!» ብላ ሳቀች፤ አብሯት የሳቀ የለም። ቄሳችን እስኪረጋጋ ጠበቁና ጠየቋት።

«ሕጉስ፣ ልጄ? እሱንም ትተሽ ነው የምትሄጂው?»

«ከሕጉ ጋር ጸብ የለኝም፣ አባ። ነርስ ግን እሆናለሁ።»

ቄሳችን ከዘራቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «እንግዲያው» አሉ፣ «ብዙ ውሃ ያስፈልግሻል።» ከዚያ ተነሥተው መረቋት። ሽማግሌ የመረቀውን ማን ይከራከራል? ያቺ ሴት የቀረበላትን ሳትነካ ወጣች። ደስ አላለኝም ብል ማንም አያምነኝም፤ ስለዚህ አልልም። በማግስቱ ደረጃው ላይ አገኘችኝና «ምን ነግረሻት ነው?» አለችኝ። ምንም እንዳልነገርኳት ልነግራት እችል ነበር። አልፌያት ሄድኩ። እስከ ዛሬ ልጅቱን ያስወጣኋት እኔ እንደሆንኩ ታወራለች፤ ታውራ።

ልጅቱ ሄደች። ሚቅላቱም በዚያው ክረምት ከእጃችን ወጣ። ሮኬት የሚደርስበት ከተማ መሸሸጊያው ክፍት መሆን አለበት አሉ፤ ትክክል ናቸው። ሞሮኳዊው ቁልፉን ሲቀበለኝ ዓይኔን አላየም። ፍራሾቹን አወጡ፤ ዓሣዎቹን በነጭ ቀለም ሸፈኗቸው፤ ድንጋዮቹን አንድ ሰው ለአበባ መደብ ወሰዳቸው። ሴቶቹ ወደየሚርፔሴታቸው ተመለሱ፤ ወጣቶቹ እሱንም ተዉት። እዚያ የሚያወርዳት ደም ያልነበራት እኔ፣ ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ አጣሁ።

በጸደይ ልጅቱ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደክሟል፤ ከኋላዋ ብዙ ሰው ይሰማል። ቀኗ እንደደረሰ፣ ዶርሟ ውስጥ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙራ እንደተኛች፣ ሕልም ግን እንዳላየች ነገረችኝ። ሚቅላቱ ከእጃችን መውጣቱን ማንም አልነገራትም ነበር።

«አሁን ማን አለ እዚያ?» አለችኝ።

«ሁለት ሦስት ሴቶች አሉ» አልኳት።

«ምን ያደርጋሉ?»

«ተኝተዋል። ቀስ ብለሽ አውሪ።»

«እሺ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ የሆስፒታሏን ነገር ሁሉ በሹክሹክታ አወራችኝ።